የሾላው እርሾ

በቲቸር ኩማ ቤት የመጠጥ ጠርሙስ ገብቶ አያውቅም። ሐዋሳ ውስጥ ግማሹ ሰው ባዮሎጂ የተማረው ከሳቸው ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ሆነው የተጣላ ሲያስታርቁ፣ የታመመ ሲጠይቁ፣ መጠጥ የለመደ ጎረምሳ ሲመክሩ ነው የሚውሉት። ስለዚህ የመጨረሻ ልጃቸው ሄራን፣ ሌላ ከተማ በሚገኝ ትልቅ የቢራ ፋብሪካ የነበራትን የላቦራቶሪ ሥራ ለቃ መጥታ፣ "አባባ፣ ቱላ ላይ የራሴን ትንሽ የቢራ ጠመቃ ቤት ልከፍት ነው" ያለቻቸው ቀን ምሳቸውን ገበታው ላይ ትተው ተነሡ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። በሩ ላይ ቆም ብለው፣ "አልረግምሽም፤ አልመርቅሽምም" አሏትና ወጡ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ሄራን ከከተማው ወጣ ባለችው ቱላ አንድ የድሮ የእህል መጋዘን ተከራየች። ግድግዳውን አስቀባች፣ ወለሉን በሴራሚክ አስነጠፈች፣ ቢራው የሚፈላባቸውንና የሚብላላባቸውን ትልልቅ የብረት ጋኖች መናኸሪያ አካባቢ ላለ በያጅ ሰጥታ አሠራች። ቲቸር ኩማ ይህን ሁሉ የሚሰሙት ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አባይነሽ ነበር። ወይዘሮ አባይነሽ ለልጃቸው ምሳ ቋጥረው በባጃጅ ቱላ ይመላለሳሉ። ሲመለሱ ለማንም እንደማያወሩ ሆነው፣ ባላቸው ግን እንዲሰሙ አድርገው ያወራሉ።

"ዛሬ ለሙከራ ብቅል ስታፈላ ሽታው ሰፈሩን ሞላው። ማር የፈሰሰበት ትኩስ ገንፎ ነው የሚሸተው። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ያሸታል።"

"እኔ ምን አገባኝ" ይላሉ ቲቸር ኩማ፣ ዓይናቸውን ከመጽሐፋቸው ሳያነሡ። ገጹን ግን አይገልጡትም።

ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ በጠናበት በአንዱ ጠዋት ሄራን እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና መጣች። ደረቷ ላይ አንዲት ትንሽ ቦርሳ አቅፋለች።

"አባባ፣ ማይክሮስኮፕዎን ፈልጌ ነው።"

ማይክሮስኮፑ በመኝታ ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ በአረንጓዴ ጨርቅ ተጠቅልሎ የሚኖር ነው። ትምህርት ቤቱ አዳዲስ ሲያስመጣ አሮጌውን ሊጥለው ሲል፣ ተማሪዎቻቸው አስጠግነው የጡረታ ስንብታቸው ቀን ሰጧቸው። አቧራውን እንኳ ከሳቸው በቀር ማንም አይጠርግም።

"ለምንሽ ነው?"

"ከውጭ ያስመጣሁት እርሾ ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ ነበረበት። መንገድ ላይ ሞቃት መጋዘን ውስጥ ሰንብቷል። በሕይወት ይኑር አይኑር ሳላውቅ መጥመቅ አልችልም።"

"በሕይወት" የሚለው ቃል ያዛቸው። ለቢራው ብላ ጠይቃቸው ቢሆን ኖሮ እምቢ ማለት ቀላል ነበር። አንድ ነገር ሕያው ይሁን የሞተ አይቶ መናገር ግን የዕድሜ ልክ ሥራቸው ነው።

"እኔው አያለሁ" አሉ። "አንቺ አትንኪው።"

መስኮቱ አጠገብ ጠረጴዛ ሳቡ። ሄራን ከቦርሳዋ ውስጥ ከነበረው ፈሳሽ አንዲት ጠብታ በማይክሮስኮፑ ስስ መስታወት ላይ ጣለች፤ ላዩ ላይ ሰማያዊ ቀለም ጠብ አደረገችበት። ልታስረዳቸው አፏን ስትከፍት አባቷ ቀደሟት።

"አውቀዋለሁ። ሕይወት ያለው ሕዋስ ቀለሙን ገፍቶ ያስወጣል። የሞተው ግን በር የሚዘጋለት የለም፤ ይነከራል።"

ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። መስታወቱን ወደ ግራ ገፉት፣ ወደ ቀኝ ገፉት፤ ሌላ ጠብታ እንድታመጣም ጠየቁ። የትም ቢያዩ ሰማያዊ ነው። እንደ ተበተነ ዶቃ ዝም ያለ፣ ሰማያዊ።

"ሁሉም?" አለች ሄራን።

"ሁሉም፣ ልጄ።"

ሄራን ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አባቷ እንዲህ ስታለቅስ ያዩዋት ድሮ ያሳደገቻት ጥጃ የሞተች ጊዜ ብቻ ነበር።

"ሌላ ይመጣል እኮ" አሏት፣ ምን እንደሚሉ ጠፍቷቸው።

"ይመጣል። ግን አባባ፣ ስንት ወር ሙሉ ቤት ስሠራላቸው፣ ውሃቸውን ስመርጥ፣ ምግባቸውን ሳዘጋጅ የኖርኩት እንግዶች ናቸው። ደጄ ላይ ሞተው ደረሱ።"

ቲቸር ኩማ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። ከዚያም፣ ክፍል ውስጥ ተማሪ መልሱን እያወቀው ሲጨነቅ በሚናገሩበት ድምፅ ጠየቁ፤

"እርሾ በፓኬት መታሸግ ሳይጀምር ሰው ከየት ያመጣው ነበር?"

ሄራን ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። "ከየቦታው። ከፍራፍሬ ልጣጭ፣ ከአበባ፣ ከዛፍ ቅርፊት። የሌለበት የለም። ፋብሪካ እያለሁ የዱር እርሾ ገባ ከተባለ እንደ ሌባ ነበር የምናሳድደው።"

"የሌለበት ከሌለ ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?"

ይህን ሲሉ ከኩሽና በሳህን ፍርፍር ይዘው ይመጡ የነበሩት ወይዘሮ አባይነሽ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ቲቸር ኩማ ራሳቸውም ያሉትን ሰምተው ደነገጡ።

በማግስቱ አባትና ልጅ ማልደው ሐይቁ ዳር ወረዱ። ዝናቡ አባርቶ፣ ጭጋጉ ገና ከውሃው ላይ አልተነሣም። ትልልቆቹ የሾላ ዛፎች ሥር ጉሬዛዎች እላይ ሆነው ግማሹን እየበሉ የጣሉት ፍሬ ተነጥፏል። ቲቸር ኩማ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ድሮ ተማሪዎቻቸውን ናሙና ሊያስለቅሙ ሲወጡ እንደሚያደርጉት ኪሳቸውን በትንንሽ ብልቃጥ ሞልተዋል። ከቅርንጫፉ አንድ የበሰለ ሾላ ቀጥፈው ለሁለት ከፈሉት።

"ሾላ አበባ የለውም ይላል ሰው። አለው። ወደ ውስጥ ነው የሚያብበው። ይኸው፣ ይህ ሁሉ ጭረት አበባ ነው። አሁን ይህችን ቀዳዳ እያት።" የፍሬውን ጫፍ አሳዩዋት። "ከትንኝ የምታንስ ተርብ በዚህች በር ትገባለች። በሩ ከመጥበቡ የተነሣ ክንፏ ተነቅሎ ውጭ ይቀራል። ገብታ አትወጣም፤ እንቁላሏን ጥላ እዚያው ታልፋለች። እግሯ ላይ ይዛ የገባችው ነገር ግን ይቀራል።"

"እርሾ" አለች ሄራን።

"እርሾም ይኖርበታል እንጂ። ጨለማ ነው፣ ጣፋጭ ነው፣ ሙቀት አለው። አንቺ ከሠራሽላቸው ቤት የሚለየው ማነሱ ብቻ ነው።"

ሄራን አባቷን ቀና ብላ አየቻቸው። ትምህርት ቤት እያለች ለሌሎች ልጆች ሲያስተምሩ ሰምታቸዋለች። ለሷ ብቻ ሲያስተምሩ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሾላ ለቀሙ። የዘይቱን ፍሬ ልጣጭና የግራር አበባ ጨመሩ፤ ከገበያ ደግሞ ሰፈፉ ያልወጣለት ማር ገዙ። ሁሉንም በየብልቃጡ በብቅል ውሃ ዘፈዘፉት። ሲጨርሱ ሄራን ብልቃጦቹን ብቻዋን ይዛ ባጃጅ ውስጥ መግባት አቃታት።

"ዕቃውን አስቀምጬልሽ እመለሳለሁ" አሉ ቲቸር ኩማ።

በልባቸው ጠብቀውት የነበረው ጨለማ ያለበት፣ የከረመ መጠጥ የሚሸት ቤት ነው። ሲገቡ ያገኙት ግን ጫማ የሚያስወልቅ ንጹሕ አዳራሽ ሆነ። በከፍተኛው መስኮት የገባው ብርሃን መሐል ላይ በቆመው ረጅም የብረት ጋን ላይ ወርዶ፣ ጋኑ ከጣሪያው እስከ ወለሉ ያበራል። መሰላል ላይ ሆኖ ብረቱን የሚወለውል ሰው አያቸውና ዘሎ ወረደ።

"ቲቸር!"

ሙህዲን ነበር፣ በያጁ። የድሮ ተማሪያቸው ነው።

"አንተ ነህ እንዴ ይህን የሠራኸው?"

"እኔ ነኝ።"

"ትጠጣለህ እንዴ አንተ?"

"አላህ ይጠብቀኝ ቲቸር!"

"ታዲያ?"

"እኔ የምሠራው ብረት ነው። ወተት ቢሞሉበትም ይይዛል።" ሳቀና በጨርቁ እጁን ጠረገ። "ደግሞ እውነቱን ልንገርዎት፣ ይህን የመሰለ ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ልጆቼን አምጥቼ አሳይቻቸዋለሁ። ብየዳው የቱ ጋ እንደሆነ እስቲ ይፈልጉት።"

ቲቸር ኩማ መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አድርገው ዙሪያውን ሄዱ። ቀዝቃዛና ለስላሳ ነው። ዞረው የተነሡበት ደረሱ፤ ብየዳውን አላገኙትም።

ብልቃጦቹ መስኮቱ ላይ ተደረደሩ። መጀመሪያ ግራሩ ሻገተ። ዘይቱኑ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ መሽተት ጀመረ። ማሩ ሲፈላ ደስ አሰኝቷቸው ነበር፤ ሲቀምሱት ግን ኮምጣጤ ሆኗል። ሾላው ደግሞ ምንም አላደረገም። ቲቸር ኩማ "ዛሬ ብቻ አይቼው ልመለስ" እያሉ በየጠዋቱ ቱላ ይወርዳሉ፤ ሾላው ዝም እንዳለ ያዩታል፤ ይመለሳሉ።

"ልድፋው" አለች ሄራን አንድ ቀን።

"ተይው። ዝም ያለ ሁሉ ሞተ ማለት አይደለም።"

በሳምንቱ ውስጥ አንድ ጠዋት ሲገቡ ከሾላው ብልቃጥ ሥር እንደ ክር የቀጠነ የአረፋ ሰልፍ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል። ሄራን ክዳኑን አላልታ አሸተተች፤ ምንም ሳትናገር ወደ አባቷ አፍንጫ አቀረበችው። የበሰለ ማንጎ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ እንደ ቅርንፉድ ያለ ነገር አለው። ቲቸር ኩማ ባጃጅ አስጠርተው ወደ ቤት ሄዱና ማይክሮስኮፑን በአረንጓዴ ጨርቁ እንደተጠቀለለ ጭናቸው ላይ አቅፈው ተመለሱ።

ይህች ክብ፣ ጎኗ ላይ ሌላ ትንሽ ክብ ያለባት ሥዕል፣ እሳቸው በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ሲስሏት የኖሩት ናት። "እርሾ የሚራባው በማጎንቆል ነው" ብለው ያስጽፋሉ፤ ይደመስሳሉ፤ ለሚቀጥለው ክፍል ደግመው ይስላሉ። ተማሪው ብዙ፣ ማይክሮስኮፑ አንድ፣ ደወሉ ችኩል ነበርና፣ የሚያሳዩት ሁልጊዜ የደረቀ ናሙና ነበር። አሁን ዓይናቸውን አስጠግተው አንዷን ሕዋስ መረጡ። ጎኗ ላይ ትንሽ እብጠት አለባት። ቆዩ። ወገባቸው ታመመ፤ አልተነሡም። እብጠቷ አደገች። ከእናቲቱ ውስጥ የሆነ ጥላ መሰል ነገር ቀስ እያለ በጠባቧ አንገት በኩል ወደ ልጅቱ ተሻገረ። ብረት አይደለም፣ ሰዓት አይደለም፣ ማንም አልገፋውም፤ በራሱ ተሻገረ። ቲቸር ኩማ እስትንፋሳቸው መስታወቱን እንዳያደበዝዘው ፈርተው አፋቸውን በመሐረብ ያዙ።

"አባባ፣ ምን ይታይዎታል?"

"ዝም በይ" አሉ በሹክሹክታ። "እየወለደች ነው።"

ወይዘሮ አባይነሽ ምሳ ይዘው ሲደርሱ ባላቸው ፊታቸው ረጥቦ አገኟቸው። ምን ሆንክ ብለው ሳይጨርሱ እጃቸው ተይዞ ማይክሮስኮፑ ላይ ተጎነበሱ። ለመላመድ ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ፣ "ውይ!" አሉ። "ይሄ ሁሉ እዚህች ጠብታ ውስጥ ነው?"

"ብልቃጧ ውስጥ ያለው ከሐዋሳ ሕዝብ ይበልጣል። ከኢትዮጵያም ሕዝብ ይበልጣል።"

"እና ይህን ሁሉ ጊዜ እዚያ ሾላ ላይ፣ ሰው ሳያውቃቸው?"

"ሰው ሳያውቃቸው።"

ወሬ እግር የለውም ይሮጣል እንጂ። በሚቀጥለው እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ አብረዋቸው በሽምግልና የሚያገለግሉት አቶ ማርቆስ ወደ ግቢው ጥግ ሳብ አደረጓቸው።

"ወንድም ኩማ፣ ቱላ ያለው ቢራ ቤት በየቀኑ ይገባሉ እየተባለ ነው። ሐሰት ነው ይበሉኝና እንገላገል።"

"እውነት ነው።"

"ምን ሊያደርጉ?"

ቲቸር ኩማ አሰቡ። ልጄን ላግዝ ቢሉ ሐሰት አይሆንም፤ ሙሉውም ግን አይደለም።

"ልደነቅ" አሉ።

አቶ ማርቆስ የተቀለደባቸው መሰላቸው። ቲቸር ኩማ ግን እጃቸውን ያዙት።

"ከሾላ ፍሬ ላይ የተነሣች አንዲት ሕይወት ዓይኔ እያየ ሁለት ሆነች። ስካርን እንደ ድሮው እጠላለሁ፤ ለልጄም ነግሬያታለሁ፣ አንድ ሰው ተንገዳግዶ ሲወጣ ካየሁ በሩን የምቆልፈው እኔ ነኝ። ግን ያንን አይቼ እንዳላየሁ ብሆን፣ ነገ እዚህ ቆሜ ፈጣሪን ሳመሰግን ምኑን ነው የማመሰግነው? ይምጡና አብረን እንይ።"

አቶ ማርቆስ ክፉ ሰው አልነበሩም። የተያዘ እጃቸውን ሳያስለቅቁ መሬት መሬት አዩ። "ሌሎቹ አይረዱትም" አሉ በመጨረሻ። "ለጊዜው ከሽምግልናው አረፍ ይበሉ።"

የዚያን ቀን ቲቸር ኩማ ባጃጅ አልያዙም። በፒያሳ በኩል ዞረው በእግራቸው ሄዱ። ሰላም የሚላቸው ብዙ ነበር፤ ለሁሉም ባርኔጣቸውን አነሡ። ቤት ገብተው ለባለቤታቸው ነገሯቸው።

"ተጸጸትክ?" አሉ ወይዘሮ አባይነሽ።

"ከፍቶኛል። አልተጸጸትኩም።"

የሾላው እርሾ ከብልቃጥ ወደ ማሰሮ፣ ከማሰሮ ወደ ባልዲ እየተዘዋወረ አደገ። ሄራን ደጋግማ እያጣራች፣ እየቀመሰች፣ ለሞያ ጓደኞቿም ልካ እያስመረመረች ንጹሕ መሆኑን አረጋገጠች። መስከረም ሲጠባ የጠመቃው ቀን ደረሰ። የገብሱ ብቅል ተፈጭቶ በሙቅ ውሃ ታሸ፤ ጣፋጩ ውሃ ተጠልሎ ፈላ፤ ለቢራ የሚሆን፣ ከውጭ የመጣ መራራ አበባ ተጨመረበት፤ ሄራን ደግሞ ጥቂት ጌሾ አከለችበት። ቀዝቅዞ ወደ ትልቁ ጋን ሲገባ፣ ሄራን ባልዲውን ይዛ መሰላሉ ላይ ወጣች። ከላይ ሆና ወደ አባቷ አየች።

ቲቸር ኩማ ኮፍያቸውን አወለቁ። "በሉ እንግዲህ" አሉ፣ ለእርሾው ይሁን ለልጃቸው ሳይለይ፣ "ብዙልን። ሥራችሁ ይባረክ።"

ሄራን የባልዲውን እርሾ ቀስ ብላ አፈሰሰችው። 

በማግስቱ ጠዋት ምንም የለም። ከጋኑ አናት ወርዶ ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ የተነከረው የጋዝ ማስወጫ ቱቦ እንደ ሞተ እባብ ተጋድሟል። ሄራን የሙቀት መለኪያውን እያየች ትመጣለች ትሄዳለች። ሙህዲን ብየዳው አስተንፍሶ እንደሆነ ብሎ ጋኑን ከላይ እስከ ታች በሳሙና ውሃ ፈተሸው። ቲቸር ኩማ ወንበር ስበው ባልዲው ፊት ተቀመጡ።

ከሰዓት በኋላ ውሃው "ቡልቅ" አለ።

ማንም አልተነቃነቀም። ውሃው ቆየት ብሎ ደግሞ ቡልቅ አለ። ከዚያ ፋታ እየጠፋ ሄደ፤ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ባልዲው እንደሚፈላ ድስት ይንፈቀፈቅ፣ ነጭ አረፋ በቱቦው ገፍቶ ወለሉ ላይ ይፈስ ጀመር። ቲቸር ኩማ ተነሥተው መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አደረጉ። ሞቋል። እሳት ከሥሩ የለም፤ ግን ሞቋል። ጆሯቸውን አስጠጉ። ውስጡ ያለው ድምፅ፣ ሐይቁ መሐል ጀልባ ላይ ሆነው ካፊያ ውሃውን ሲነካው እንደሚሰማው ነበር፤ ሰፊ፣ ደቃቅ፣ የማያቋርጥ።

"ሙህዲን፣ ና ስማ።"

ሙህዲን በእጁ የሠራው ብረት ላይ ጆሮውን ለጠፈ። ዓይኑ ፈጠጠ። "ቲቸር፣ ብረቱ ይተነፍሳል!"

በሩ ክፍት ነበርና ከገበያ የሚመለሱ የቱላ ሴቶች ቅርጫታቸውን እንደያዙ ቆሙ። አንዷ ገባች፤ ሌላዋ ተከተለቻት። እንሰት ተሸክሞ ያልፍ የነበረ ገበሬ ሸክሙን አውርዶ ገባ። አንድ በአንድ ጆሯቸውን ጋኑ ላይ እያሳረፉ ያደምጣሉ። በአማርኛ የጀመረው ሹክሹክታ ወደ ሲዳምኛ አለፈ፤ ቆይቶም ሁሉም ዝም አለ። ያን ያህል ሰው በአንድ ቤት ውስጥ ቆሞ እንዲህ ዝም ሲል ቲቸር ኩማ ያዩት በጸሎት ሰዓት ብቻ ነበር። ሄራን ግድግዳውን ተደግፋ አባቷን ታያለች። እሳቸው አላዩዋትም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ።

ጠመቃ ቤቱ በጥቅምት በአንዱ ቅዳሜ ተከፈተ። ደጁ ላይ ድንኳን ተተከለ፤ ከከተማ የመጣው እንግዳና የሰፈሩ ሰው ተቀላቅሎ ተቀመጠ። ሄራን የመጀመሪያውን ብርጭቆ ቀድታ ለአባቷ አመጣች።

"እንዲጠጡት አይደለም። እንዲያዩት ነው።"

ቲቸር ኩማ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ ከፍ አደረጉት። ቀላ ያለ ወርቅ ነው፤ ውስጡ ደቃቅ አረፋ ይወጣል። አሸተቱት፤ ረክተው ራሳቸውን ነቀነቁ። አጠገባቸው ለተቀመጠው ለሙህዲን ሊያቀብሉት ሲሉ ሙህዲን ሁለት እጁን አነሣ፤ ሁለቱም ሳቁ። ብርጭቆው በመሐላቸው ባለቤት አጥቶ ሳለ ወይዘሮ አባይነሽ ዘርግተው ተቀበሉትና አንድ ጊዜ ተጎነጩ።

"አባይነሽ!"

"ምነው? ልጄ የሠራችውን ልቅመስ እንጂ።" ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ትንሽ አሰቡ። "ይመራል" አሉ። "ደስ ሲል!"

ድንኳኑ ሙሉ ሳቀ፤ ቲቸር ኩማም ሳይወዱ በግድ ሳቁ።

እንግዳው መበተን ሲጀምር ሄራን ባዶ የሆነው ጋን ታች ያለውን ቧንቧ ከፈተች። እንደ ቅቤ የወፈረ፣ ክሬም የመሰለ ነገር እየተልፈሰፈሰ ንጹሕ ማሰሮ ውስጥ ወረደ። ቲቸር ኩማ ጎንበስ ብለው አዩት።

"እነሱ ናቸው?"

"እነሱ ናቸው። ሥራቸውን ጨርሰው ተኝተዋል።"

"አሁን ምን ታደርጊያቸዋለሽ?"

"ለሚቀጥለው ጠመቃ አስቀምጣቸዋለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያም ለሚቀጥለው። እስከመገብናቸው ድረስ አያልቁም፣ አባባ።"

"እኔ ከሞትኩ በኋላም?"

ሄራን ክዳኑን ገጠመች። "እኔም ከሞትኩ በኋላ።"

ቲቸር ኩማ እጃቸውን ዘረጉ። ማሰሮውን ከልጃቸው እጅ ተቀበሉ። ካሰቡት በላይ ከባድ ነበር። ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል፣ እርጥቡ ሴራሚክ እንዳያንሸራትታቸው እግራቸውን እየመረጡ ሄዱ፤ ሁለቱም እጃቸው ስለተያዘ በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"ሄራን" አሉ፣ ዓይናቸውን ከማሰሮው ሳያነሡ፣ "ነይ ክፈቺልኝ።"